ወሬን አጣርቶ መያዝ፦ ከሞቃዲሾ ጦርነት እስከ «ጅሃዳዊ ሐረካት»

(በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ለሚገኙ ጀመዓዎች ከዐስር ሶላት በኋላ የተደረገ ንግግር፤ ሚያዝያ 2005)

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም።

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን! ዛሬ ስለ ጦርነትና ስለ ወሬ ልንነጋገር ነው የተሰባሰብነው። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ጦር ከመዝመቱ በፊት ወሬ ይዘምታል፤ ጦር ከተመለሰም በኋላ ወሬው ይቀራል። ያ የቀረው ወሬ ዛሬ በእኛ በራችን ላይ ቆሟል።

ሁላችንም የቡና ሰዎች ነን። ማሳ የሌለው እንኳ ቡና ያለው ዘመድ አለው። ጀንፈሉን በጆንያ ሞልቶ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ የቡ ወይም ወደ ሰርቦ ገበያ የወረደ ገበሬ፣ መጀመሪያ ያገኘው ነጋዴ «ዛሬ ዋጋ ወድቋል» ስላለው ብቻ ቡናውን አያስረክብም። ሁለተኛውን ይጠይቃል። ሦስተኛውን ይጠይቃል። ከጅማ የመጣ ሹፌር ካገኘ እሱንም ይጠይቃል። ሬዲዮ ካለ የአዲስ አበባን ዋጋ ያዳምጣል። ሚዛኑንም በዐይኑ ያያል። ማንም ይህን ገበሬ ተጠራጣሪ ነው ብሎ አይወቅሰውም፤ ዐዋቂ ነው ይለዋል።

ታዲያ ለአንድ ጆንያ ቡና ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የሰው ነፍስ የሚጠፋበትን ወሬ ስንሰማ ለምንድን ነው ሁለተኛ ሰው የማንጠይቀው? በሱረቱል ሑጁራት አላህ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል፤ ምክንያቱንም ነግሮናል፦ ሳናውቅ ሰው ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። ይህ ትእዛዝ ለዑለማ ብቻ የወረደ አይደለም፤ ለገበሬውም፣ ለነጋዴውም፣ ሞባይል ለያዘው ወጣትም ነው።

ሌላም የቅርባችን ታሪክ አለን። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ምድር ሲመጡ ቁረይሾች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ዐምር ኢብኑል ዓስን ከጓደኛው ጋር ላኩ። መልእክተኞቹ በቀጥታ ወደ ነጃሺ አልገቡም። አስቀድመው ስጦታቸውን ለንጉሡ ሹማምንት አደሉ፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጥ ሹማምንቱ እንዲመክሩት አግባቡ። ነጃሺ ግን የአንድ ወገን ክስ ሰምቶ ሰው አሳልፎ አልሰጠም። ስደተኞቹን አስጠርቶ ጠየቀ፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ ተነስቶ ተናገረ፤ ንጉሡ አዳመጠ፤ ከዚያ ፈረደ። ያ ንጉሥ በዚያን ሰዓት ክርስቲያን ነበር። በዚህች አገር የእስልምና ታሪክ የተጀመረው ሌላኛውን ወገን ለማድመጥ ፈቃደኛ በሆነ ፍርድ ነው። ዛሬ የምንጠይቀውም ይኸንኑ ነው፤ ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም።

ወደ ጉዳያችን እንግባ።

በ1998 ግንቦት መጨረሻ የሶማሊያ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሞቃዲሾን ያዘ። ለአሥራ አምስት ዓመታት የጦር አበጋዞች የተከፋፈሏት ከተማ ነበረች። ኬላዎች ተነሱ፤ በዚያው ክረምት ለዓመታት ተዘግተው የነበሩት የአውሮፕላን ማረፊያውና ወደቡ ተከፈቱ። ብዙ የሞቃዲሾ ነዋሪ እፎይ አለ። በሌላ በኩል በኅብረቱ ውስጥ ጠንካራና ለዘብተኛ ወገኖች ነበሩ፤ ሲኒማ የዘጉ፣ ሰውን በግድ ያስጨነቁ አሉ። በመስከረም 1999 መጨረሻም መሪዎቻቸው በኢትዮጵያ ላይ ጅሃድ አወጁ። ይህን መደበቅ አያስፈልገንም። እውነትን ግማሹን ብቻ የሚናገር ቴሌቪዥን ስንወቅስ ውለን፣ እኛም ግማሹን ብቻ ብንናገር ምን ለየን?

ነገር ግን በእኛ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የቀረበልን የመጀመሪያው ግማሽ አልነበረም። የሞቃዲሾ እናት ልጇን በሰላም ወደ ገበያ መላኳን አልሰማንም። የሰማነው «አክራሪ»፣ «አሸባሪ»፣ «ጽንፈኛ» የሚሉ ቃላትን ነበር። ቃላቱም ሶማሊያ ላይ አልቆሙም። በዚያው 1999 መግቢያ ላይ እዚሁ በአካባቢያችን፣ በጎማ በኩል፣ በሙስሊምና በክርስቲያን ጎረቤታሞች መካከል ደም ፈሶ ነበር። ለፈሰሰው ደም ሁላችንም አዝነናል፤ እስከ ዛሬም እናፍራለን። ከሞቃዲሾ የሚመጣው ወሬና የአካባቢያችን ሐዘን በአንድ ሰሞን ሲነገሩ ግን፣ በሰሚው ልብ ውስጥ አንድ ሆኑ። የጅማ ሙስሊም ሞቃዲሾን በካርታ እንኳ ሳያያት ከሞቃዲሾ ጋር ተቆጠረ።

መንግሥት በዚያን ጊዜ ባይደዋ አካባቢ ያሉት ወታደሮች አሠልጣኞች ብቻ ናቸው ይል ነበር። ኅዳር 21 ቀን 1999 ጉዳዩ ፓርላማ ገባ። የተቃዋሚ አባላት ጥያቄ አንስተው፣ ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፤ ውሳኔው ግን በአብላጫ ድምፅ አለፈ። ታኅሣሥ 15 ቀን መንግሥት ጦር መዝመቱን በይፋ አሳወቀ። ታኅሣሥ 19 ሞቃዲሾ ተያዘች። ድሉ በቴሌቪዥን በሙዚቃ ታጅቦ ቀረበ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! የፓርላማው ክርክር የአንድ ቀን ክርክር ነበር። የእኛ ልጆች ግን ሁለት ዓመት ሶማሊያ ቆዩ። የዘመቱት ወታደሮች የማን ልጆች ናቸው? የገበሬ ልጆች ናቸው፤ የሙስሊምም የክርስቲያንም ልጆች ናቸው። ከዚህ አካባቢ የሄዱም ነበሩባቸው። ስንቱ ሄዶ ስንቱ እንደተመለሰ ግን፣ እንደ ድሉ ጎልቶ ሲነገረን አልሰማንም። እናቶች ወሬውን ከመርዶ ነጋሪ እንጂ ከዜና አላገኙትም።

የሶማሊያ እናቶችስ? የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት እንደገመተው በአውሮፓውያን 2007 ብቻ 600 ሺህ ያህል ሰው ሞቃዲሾን ጥሎ ተሰደደ። የጅማን ከተማ ሕዝብ በሙሉ ብናወጣ፣ አጋሮን ብንጨምር፣ ያን ቁጥር አይሞላም። ይህን ያህል ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ከቤቱ ሲወጣ በእኛ ቴሌቪዥን ስንት ደቂቃ አገኘ? በሚያዝያ 2000 መንግሥታችን ከኳታር ጋር የነበረውን ግንኙነት ሲያቋርጥ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የአልጀዚራ ዘገባ ነበር። በመጋቢት 2002 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ፕሮግራም በሩዋንዳ እልቂት ከሚታወቀው ከሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አነጻጽረው፣ ማፈን እንደሚቻል ተናገሩ። ማታ ማታ ሬዲዮናችንን ጆሯችን ላይ ለጥፈን ስንፈልግ ሹሹታ ብቻ የምንሰማው ለዚህ ነው።

አልጀዚራም ይሁን የአሜሪካ ድምፅ፣ ጀርመን ድምፅም ቢሆን፣ ሁሉም የየራሳቸው ዝንባሌ አላቸው። ባለቤት አላቸው፤ ባለቤት ያለው ሁሉ ጥቅም አለው። እኛ «እነሱን እመኑ» አንልም። የምንለው፣ የቡና ዋጋ ከሦስት ሰው የሚጠይቀው ገበሬ ሦስቱም ነጋዴዎች መላእክት ስለሆኑ አይደለም የሚጠይቀው። አንዱ የደበቀውን ሌላው ስለሚያወጣው ነው። አንዱን ብቻ እንዲሰማ ከተገደደ ግን ያታልሉታል።

የሶማሊያው ጦርነት መጨረሻው ምን ሆነ? ጦራችን ጥር 2001 ላይ ወጣ። በዚያው ወር ማብቂያ፣ ጥር 23 ቀን፣ የሶማሊያ ፓርላማ ጅቡቲ ላይ ተሰብስቦ አዲስ ፕሬዚዳንት መረጠ። የተመረጡት ሼኽ ሸሪፍ አሕመድ ናቸው። ሼኽ ሸሪፍ ማን ናቸው? የዚያ የፍርድ ቤቶች ኅብረት ሊቀ መንበር የነበሩት ሰው ናቸው! ጦር የዘመተባቸው ሰው ሁለት ዓመት ቆይቶ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ መንግሥታችንም ዕውቅና ሰጥቷቸው አብሯቸው ሠራ። እኛ መታረቁን አንቃወምም፤ ሱልሕ መልካም ነው። ግን ጥያቄ አለን፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የተለወጡት ሰውየው ናቸው ወይስ ቃሉ? «አሸባሪ» የሚለው ቃል እንዲህ በቀላሉ የሚለጠፍና የሚነሳ ከሆነ፣ በመካከል ለሞተው ሰው ማን ይመልስለታል?

በዚያው ጦርነት ውስጥ ደግሞ ትንሽ ክንፍ የነበረው አሸባብ አደገ። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ካምፓላ ውስጥ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲያዩ የነበሩ ከ70 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከተጠቁት ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት ነበር። ኳስ ሊያይ የተቀመጠን ሰው መግደል እስልምና ነው የሚለን ካለ፣ ያ ሰው ሃይማኖታችንን አያውቅም። አሸባብን የምናወግዘው ቴሌቪዥን ስላዘዘን አይደለም። የንጹሕ ሰው ነፍስ ሐራም ስለሆነች ነው። በውጭ ጦር ላይ ጥያቄ ያነሳ ሁሉ የአሸባብ ደጋፊ ነው የሚል ካለ ግን እሱም ተሳስቷል። አንድ አባት ልጃቸውን «ቤት በእሳት አይጠገንም» ብለው ቢመክሩ፣ ሌባውን ደገፉ አይባልም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ጥር 28 ቀን 1995 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ብለው ፎቶና የድምፅ ቅጂ አሳዩ። ታላላቅ ጋዜጦች አስተጋቡ። የእኛም አገር ስም ጦርነቱን ከደገፉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ኢራቅ ተወረረች፤ መሣሪያው አልተገኘም። ግንቦት 1996 ላይ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ኢራቅ ያወጣቸው በርካታ ዘገባዎች በበቂ ሁኔታ ያልተጣሩ እንደነበሩ ለአንባቢዎቹ በጽሑፍ አመነ። ማመኑ ጥሩ ነው። ለሞተው ግን ዘገየ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ጅማ ራሷ የወረራን ወሬ አጣጥማዋለች። ጣሊያን ጅማን ሲይዝ የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አደረጋት። ለሙስሊሙ የነገረው ወሬ ጣፋጭ ነበር፦ «እኛ የእስልምና ጠባቂ ነን» አለ፤ መስጊድ አሠራ፤ ዐረብኛ አስተማረ። ሙሶሊኒም መጋቢት 1929 ትሪፖሊ ላይ በፈረስ ተቀምጦ «የእስልምና ሰይፍ» ተብሎ የተበረከተለትን ሰይፍ ከፍ አድርጎ ፎቶ ተነሳ። ያው መንግሥት ግን ከዚያ አምስት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ መስከረም 1924፣ ሽማግሌውን የቁርኣን መምህር ዑመር አል ሙኽታርን በሊቢያ በሕዝብ ፊት ሰቅሎ ነበር። ሰይፉን ያየ ሰው ገመዱን እንዲረሳ ነበር ፎቶው። አባቶቻችን ከዚህ የተማሩት አንድ ነገር ነው፦ የውጭ ጦር በሃይማኖትህ ስም ሲመጣም ሆነ በሃይማኖትህ ላይ ሲመጣ ወሬውን አጣራ። ስምህን የሚያነሳ ሁሉ ወዳጅህ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ።

ከጥር 2004 ጀምሮ በአወሊያ የተነሳው ጥያቄ ሦስት ነጥብ ያለው ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአሕባሽ አስተምህሮ በመንግሥት ኃይል አይጫንብን፤ የመጅሊስ ምርጫ በነጻነት በመስጊዳችን ይካሄድ፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ጦርነት የሚል ቃል የለበትም። ሞቃዲሾም የለችበትም። ጥያቄውን እንዲያቀርቡልን የወከልናቸው የኮሚቴ አባላት ከመንግሥት ጋር ሲነጋገሩ ቆይተው በሐምሌ 2004 ታሰሩ። በጸረ ሽብር አዋጁም ተከሰሱ። የመጅሊሱ ምርጫም በቀበሌ ተካሄደ።

ጥር 28 ቀን 2005 ማታ ኢቲቪ «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ፊልም አሳየ። ቀኑን ልብ በሉ፤ ከኮሊን ፓወል ንግግር ልክ አሥር ዓመት በኋላ ነው። አጋጣሚ ነው፤ ከዚህ በላይ ትርጉም አንሰጠውም። ነገሩ ግን ይመሳሰላል። ፎቶ ታየ፤ ድምፅ ተሰማ፤ ሰሚው ደነገጠ። ፊልሙ እንዳይተላለፍ ፍርድ ቤት አግዶት ነበር፤ እግዱ እያለ ተላለፈ። ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እየታየ ያሉ ሰዎች በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጸ ምስላቸው ለሕዝብ ታየ። ከአሸባብ፣ ከአልቃኢዳና ከቦኮ ሐራም ጋር ተደባልቀው ቀረቡ።

ቡና ነጋዴ ጥሩውን ቡና ከጥቁርና ከሻገተ ቡና ጋር ደባልቆ አንድ ጆንያ ውስጥ ሲከትተው ምን ይባላል? ሁላችንም ስሙን እናውቀዋለን። ናሙና የሚያወጣ ሰው ሲመጣ ይያዛል። ፊልሙ ያደረገው ይህንኑ ነው። «መጅሊሳችንን ራሳችን እንምረጥ» የሚለውን ኢማምና ኳስ ተመልካች የገደለውን ሰው አንድ ጆንያ ውስጥ ከተተ። ናሙና የሚያወጣው ግን ማን ነው? ተከሳሹ መልስ የመስጠት ዕድል አላገኘም። ጃዕፈር ሳይጠራ ዐምር ብቻ ተናገረ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ጥፋተኛ እንዳይባል ይደነግጋል። በአንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል። ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከቡናችን ግብር ጭምር ነው። ስለዚህ ስንጠይቅ ልመና አይደለም፤ በገንዘባችን የሚሠራው ድምፅ የእኛንም ድምፅ ያሰማልን ነው የምንለው። ድምፃችን ይሰማ ማለትም ይኸው ነው።

በፊልሙ ሰሞን ደግሞ የፈረንሳይ ጦር ማሊ ገብቶ ነበር። ብዙ ወጣቶች ስለ ማሊ ጠይቀውናል፤ «ይህስ ትክክል ነው ወይ?» ብለዋል። በችኮላ አንመልስም። የቲምቡክቱ ሰዎች በታጠቁ ቡድኖች ተሠቃይተዋል፤ የቀደምት ሷሊሖች መቃብሮቻቸው ፈርሰውባቸዋል፤ ፈረንሳይን በደስታ የተቀበሉ ማሊያውያንም አሉ። ቀድሞ በቅኝ የገዛ አገር ጦር ሲመለስ መጨረሻው ምን እንደሚሆን የሚፈሩም አሉ። ሁለቱም የማሊ ድምፅ ናቸው። ሁሉም ዘመቻ አንድ አይደለም፤ እያንዳንዱን መመርመር አለብን። ለመመርመር ግን እነዚህን እንጠይቅ፦ ማን ነው የሚናገረው? ማን ነው ያልተናገረው? የተፈናቀሉት ተቆጥረዋል ወይ? የትናንቱ «አሸባሪ» ዛሬ ምን ተብሎ ይጠራል?

ውድ ጀመዓ! እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሌላው ነው። የሚቀረው ስለ ራሳችን ነው፤ ከባዱም እሱ ነው።

የካቲት 2003 መጨረሻ ላይ በአሰንዳቦ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ቁርኣን ተዋረደ የሚል ወሬ ወጣ። ወሬው ከሰው ሰው ሲተላለፍ ሳይጣራ ሮጠ። መጨረሻው የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቤተ ክርስቲያኖች በእሳት ነደዱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ሸሹ፤ የሰው ነፍስም ጠፋ። በማግስቱ ቴሌቪዥኑ ያንን እሳት ይዞ የመላውን ሙስሊም ስም አጠፋበት፤ እውነት ነው። ነገር ግን እሳቱን ያቀበልነው እኛው ነን። ቴሌቪዥኑ አድልቷል ብለን ስንወቅስ፣ ሳናጣራ የተቀበልነው የራሳችን ወሬ ያቃጠለውን እንዴት ዝም እንላለን? የፓወል ፎቶና የአሰንዳቦ ወሬ አንድ በሽታ ናቸው። አንዱ በትልቅ አዳራሽ፣ ሌላው በገበያ መሐል ሆነ እንጂ።

ሌላም እንንገራችሁ። በዚህ ዓመት በአንድ የቡና ከተማችን ውስጥ ጁምዓ ጠዋት «ኢማማችን በሌሊት ተወሰዱ» የሚል መልእክት በሞባይል ዞረ። ሱቆች ተዘጉ። ወጣቶች ወደ ፖሊስ ጣቢያው መንገድ ያዙ፤ ጥቂቶቹ ድንጋይ አንስተው ነበር። በመንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ወዴት ናችሁ?» አሏቸው። ነገሯቸው። «ኢማሙን እኮ እኔ ራሴ ጠዋት አይቻቸዋለሁ፤ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ሊሙ የሚሄደው መኪና ላይ ወጡ፤ ለቅሶ አለባቸው» አሉ። ተደወለ። ኢማሙ ስልካቸውን አነሱት፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ነበር።

ያቺ እናት በዚያ ቀን ስንት ሰው አዳኑ? ድንጋዩ ቢወረወር ኖሮ ጥይት ይመለስ ነበር። ጥይቱ ቢተኮስ ሬሳ ይወድቅ ነበር። ማታ ደግሞ ኢቲቪ ድንጋዩን ብቻ ያሳይ ነበር። በአንድ የሐሰት መልእክት ምክንያት የአንድ ዓመት ሰላማዊ ትግል ሊጠፋ ነበር። መልእክቱን የጀመረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያስተላለፈነው ግን እንታወቃለን፤ እኛው ነን። ይህን መልእክት ካስተላለፉት መካከል የዚህ ቡለቲን አዘጋጆችም ነበርን። አላህ ይማረን።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቃል እንግባ።

ወሬ ሲመጣልን ቢያንስ ከሁለት፣ ቦታው ላይ ከነበሩ ሰዎች ሳናረጋግጥ አናስተላልፍም። የታሰረ ሰው አለ ከተባለ ለቤተሰቡ እንደውላለን። የሞተ አለ ከተባለ ስሙንና መንደሩን እንጠይቃለን፤ ስምና መንደር የሌለው ሬሳ ብዙ ጊዜ ወሬ ነው። ቁጥር አናበዛም፤ ሦስት ሰው ከታሰረ ሦስት እንላለን። ሦስቱ በቂ ግፍ ናቸው፤ ሠላሳ ካልናቸው ሦስቱንም ያስክዱናል።

ስለ ጦርነት ስንናገር በሁለቱም በኩል የሞተውን እናስባለን። ሶማሊያ የወደቀው ወታደር የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እንደ ሙያው ታዞ ሄደ። በእናቱ ፊት በልጇ ሞት አንፎክርም። የመንግሥትን ውሳኔ መጠየቅና ወታደርን መጥላት ለየቅል ናቸው።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን ስለ ፊልሙ ራሳችን እናነጋግራቸው። እነሱም ያዩት ያንኑ ፊልም ነው፤ ሌላ አልታየላቸውም። ቡና አፍልተን እንጥራቸው። ሦስቱን ጥያቄዎቻችንን በጨዋነት እንንገራቸው። አቦል ሲጠጣ የጀመረ ጥርጣሬ በረካ ላይ ሊበርድ ይችላል። ቴሌቪዥን የሚያፈርሰውን ጉርብትና የሚጠግነው ሌላ ቴሌቪዥን አይደለም፤ ረከቦቱ ነው። እናቶቻችንና እህቶቻችን በዚህ ሥራ ከእኛ ይቀድማሉ።

እጃችን ባዶ ይሁን። ድንጋይ አናነሳም። በእኛ ላይ ድንጋይ የሚያስነሳ ሰው በመካከላችን ቢገኝ፣ የላከው ማንም ይሁን፣ ከመካከላችን እንለየው። ነጭ ጨርቅና ቢጫ ወረቀት ከፍ አድርገን ዝም ብለን የቆምንባቸው ጁምዓዎች ከማንኛውም ጩኸት በላይ ተሰምተዋል። ዝምታችን ውስጥ ሐሰት ስላልነበረ ነው።

በመጨረሻም፣ ይህችን ቡለቲንም አጣሯት። በእጃችሁ ስለገባች ብቻ፣ ወይም በመስጊድ ስለተነበበች ብቻ አትመኗት። ከተሳሳትን ንገሩን፤ በሚቀጥለው እትም እናርማለን። ሌላውን «እርማትህ ዘገየ» ብለን ስንወቅስ የእኛው እንዳይዘገይ።

ወንድሞቻችን ዛሬ እስር ቤት ናቸው። ችሎት በቀረቡ ቁጥር ክሳቸው ይነበባል፤ እነሱም ይሰማሉ። እኛ ያለን ጉልበት እውነት መናገርና ሶብር ማድረግ ነው። ነጃሺ የሰማው በጦር ተገዶ አልነበረም። ጃዕፈር እውነቱን ሳይጨምር ሳይቀንስ ስለነገረው ነው። እኛም ሳንጨምር ሳንቀንስ እንናገር። ዛሬ ባይሰሙን ነገ የሚሰማ ይመጣል ኢንሻአላህ።

አላህ ሆይ! እውነትን እውነት አድርገህ አሳየን፤ እንድንከተለውም እርዳን። ሐሰትን ሐሰት አድርገህ አሳየን፤ እንድንርቀውም እርዳን። የታሰሩትን ፍታልን። በሶማሊያም፣ በማሊም፣ በአገራችንም የንጹሓንን ደም ጠብቅልን። የሞቱትን ማርልን። ለአገራችን ሰላም ስጥ። ኣሚን።

ድምፃችን ይሰማ!

አላሁ አክበር!